ክሩ ስንት ጊዜ ተሻገረ? የሴሬቤለም ሦስቱ መንገዶችና በታካሚው ላይ የሚያሳዩት ምልክት

ጥያቄው፦ «የሦስተኛ ዓመት የሕክምና ተማሪ ነኝ። ሴሬቤለም (እንቅስቃሴን የሚያቀናጀው የኋላው ትንሹ አንጎል) የሚያዘው የራሱን ጎን ነው፤ ቀኙ ከተጎዳ የሚስተው ቀኝ እጅ ነው ተብለን ተምረናል። ዋርድ ላይ ግን መካከለኛ አንጎሉን በቀኝ በኩል ስትሮክ የመታው ሰው አየን። ቀኝ ዐይኑ ተከድኗል፤ አፍንጫውን ለመንካት ሲሞክር የሚንቀጠቀጠውና የሚስተው ግን ግራ እጁ ነው። ሴሬቤለሙ በኤም አር አይ ደህና ነው ተባለ። የሦስቱን ፔዳንክሎች (ሴሬቤለምን ከአንጎል ግንድ ጋር የሚያገናኙ የነርቭ ክር ጥቅሎች) ዝርዝር በቃሌ ይዤዋለሁ፤ ይህን ሰው ግን ላስረዳው አልቻልኩም። መንገዶቹን እንዴት ብይዛቸው ይሻላል?»

ምላሽ፦

ዝርዝሩን በቃል መያዝሽ ያልጠቀመሽ፣ ዝርዝሩ የሚነግርሽ ክሩ በየት በኩል እንደሚያልፍ ብቻ ስለሆነ ነው። ምልክቱ በየትኛው ጎን እንደሚወጣ የሚወስነው ግን ክሩ የአካሉን መሐል መስመር ስንት ጊዜ እንደተሻገረ፣ ጉዳቱም የደረሰው ከመሻገሪያው በፊት ይሁን በኋላ ነው። ስለ እያንዳንዱ መንገድ መጀመሪያ ይህን ጠይቂ። ስሙና የደም ቅዳው ከዚያ በኋላ በቀላሉ ይያዛሉ።

ከታካሚሽ እንጀምር። ወረቀት ላይ ከላይ ወደ ታች አንድ መስመር አስምሪ፤ ይህ መሐል መስመሩ ነው። ከግራው ሴሬቤለም እንነሳ። ከግራው ዴንቴት ኒውክለስ (ሴሬቤለም ውስጥ ካለው የነርቭ ሕዋሳት ስብስብ) የወጣው ክር በግራው የላይኛው ፔዳንክል ሽቅብ ይሄዳል። የመካከለኛው አንጎል የታችኛው ክፍል ላይ፣ ሁለቱ የታችኛው ኮሊኩለስ ጉብታዎች ባሉበት ከፍታ፣ መስመሩን ተሻግሮ ወደ ቀኝ ይገባል። አንድ ብለሽ ቁጠሪ። ከዚያ ቀዩን ኒውክለስ እየሰነጠቀና እየከበበ ያልፋል፤ ከፊሉ እዚያው ይቀራል፣ አብዛኛው ወደ ቀኝ ታላመስ (መልእክት አስተላላፊ ጣቢያ) ይቀጥላል። ከታላመስ መልእክቱ ወደ ቀኝ የእንቅስቃሴ ኮርቴክስ ይደርሳል። ከኮርቴክስ የሚወርደው የፒራሚድ መንገድ ደግሞ ሜዱላ (የአንጎል ግንድ የታችኛው ክፍል) ግርጌ ላይ ተሻግሮ ወደ ግራው ህብለ ሰረሰር ይገባል። ሁለት። ሁለት ጊዜ የተሻገረ እንዳልተሻገረ ነው፤ ግራ ሴሬቤለም ግራ እጅን የሚያዘው በዚህ ምክንያት ነው።

አሁን ስትሮኩን በቀኝ በኩል ቀዩ ኒውክለስ ላይ አስቀምጪው። እዚያ የሚያልፈው ክር ከግራ ሴሬቤለም መጥቶ አንድ ጊዜ የተሻገረው ነው። ሁለተኛው መሻገሪያ ገና ከታች ይጠብቀዋል። ስለዚህ የሚስተው ግራ እጅ ይሆናል። ሦስተኛው የራስ ቅል ነርቭ ደግሞ ከኒውክለሱ ወጥቶ ወደ ፊት ሲሄድ በዚያው በቀዩ ኒውክለስ በኩል ነው የሚያልፈው፤ ከወጣ በኋላም አይሻገርም፤ ስለዚህ የሚከደነው ቀኝ ዐይን ነው። ሐኪሞች ይህን ጥምረት የክሎድ ሲንድሮም ይሉታል፤ ስሙ የመጣው በ1912 ከገለጸው ፈረንሳዊ ሐኪም ከአንሪ ክሎድ ነው። ሴሬቤለሙ በኤም አር አይ ደህና የሆነውም ስሕተት ኖሮ አይደለም። የተቆረጠው ወደ ውጭ የሚወስደው ሽቦ ነው፤ ጣቢያው አልተነካም።

ጉዳቱ ትንሽ ዝቅ ብሎ ልክ መሻገሪያው ላይ ቢያርፍ ምን ይፈጠር ነበር? ከሁለቱም ጎን የመጡት ክሮች እዚያ ስለሚጠላለፉ አንዲት ትንሽ ስትሮክ ሁለቱንም እጆችና እግሮች ታንገዳግዳለች፣ ንግግርንም ታደናቅፋለች። ይህ የቬርነኪንክ መሻገሪያ ሲንድሮም ነው። ሁለቱም ጎን ሲንገዳገድ ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚያስበው አልኮልን ወይም መድኃኒትን ነው፤ በድንገት የጀመረ ከሆነ ግን መሐል መስመሩ ላይ ያለችውን ትንሽ ቦታ ሳያዩ ማለፍ አይገባም። ጉዳቱ ከመሻገሪያው በታች፣ ገና ፔዳንክሉ ላይ ከሆነ ደግሞ ምልክቱ በዚያው በተጎዳው ጎን ይወጣል። በጥቂት ሚሊሜትር ልዩነት ሦስት የተለያዩ መልሶች አሉ ማለት ነው።

ስለ አቀማመጣቸው ጥቂት ልበል። ሦስቱም ጥንድ ናቸው፤ ሴሬቤለምን ከአራተኛው ቬንትሪክል (ፈሳሽ ከያዘው የአንጎል ክፍተት) ጀርባ ከአንጎል ግንድ ጋር አንጠልጥለው የያዙት እነሱ ናቸው። የላይኛው ወደ መካከለኛው አንጎል ይወጣል፣ መካከለኛው ወደ ጎን ከፖንስ (የአንጎል ግንድ መካከለኛ ክፍል) ይገናኛል፣ የታችኛው ከሜዱላ ይመጣል። ሴሬቤለሙን ቆርጠሽ ካነሳሽውና የተቆረጠውን ገጽ ካየሽ ግን ስማቸው ያሳስትሻል። በጣም ወደ ውጭ ያለው መካከለኛው ነው፣ ከእሱ ወደ ውስጥ የታችኛው፣ ለቬንትሪክሉ በጣም የቀረበው የላይኛው ነው። ምስል ላይ የት እንዳለሽ ለማወቅ የሚጠቅሙ ምልክቶችም አሉ። አምስተኛው ነርቭ የሚወጣው ፖንስና መካከለኛው ፔዳንክል በሚዋሰኑበት ቦታ ነው። ሰባተኛውና ስምንተኛው ከዚያ በታች በጥጉ ላይ ናቸው። አራተኛው ነርቭ ደግሞ ከኋላ፣ ከታችኛው ኮሊኩለስ ሥር ወጥቶ በላይኛው ፔዳንክል አጠገብ ይዞራል።

መካከለኛው ፔዳንክል

ከሦስቱ ትልቁ ይህ ነው። በእያንዳንዱ ጎን ከ20 ሚሊዮን በላይ ክሮች አሉት፤ ለማነጻጸር ያህል በአንድ በኩል ያለው የፒራሚድ መንገድ ወደ 1 ሚሊዮን ገደማ ብቻ ነው። ኮርቴክስ ጡንቻን ለማዘዝ ከሚልከው በብዙ እጥፍ የሚበልጠውን ወደ ሴሬቤለም ይልካል ማለት ነው። ይህ የሚያስደንቅ አይደለም፤ በ2009 የታተመው ቆጠራ እንዳሳየው ከ86 ቢሊዮን የሰው አንጎል ነርቭ ሕዋሳት 69 ቢሊዮን ያህሉ ያሉት ሴሬቤለም ውስጥ ነው።

አቅጣጫው አንድ ብቻ ነው፦ ወደ ውስጥ። ከግራ ኮርቴክስ የወረደው ክር በግራው የፖንስ ኒውክለሶች ላይ ሳይሻገር ያርፋል። ከእነዚያ ኒውክለሶች የሚነሳው አዲስ ክር ግን ፖንስን አቋርጦ በቀኙ መካከለኛ ፔዳንክል ወደ ቀኝ ሴሬቤለም ይገባል። ስለዚህ ግራ ኮርቴክስና ቀኝ ሴሬቤለም ጥንድ ሆነው ይሠራሉ፤ መልእክቱ በመካከለኛው ፔዳንክል ገብቶ በላይኛው ይመለሳል። ሁለቱም አንድ አንድ ጊዜ ስለሚሻገሩ ዑደቱ በትክክል ይዘጋል። ከግንባርና ከፓራይታል ክፍሎች የሚመጡት ክሮች ብዙ መሆናቸውን ልብ በይ። ሴሬቤለም በዕቅድና በቋንቋ ላይ ድርሻ አለው የሚባለው ያለ ምክንያት አይደለም።

ጥንድነቱ በምስል ይታያል። በላይኛው አንጎል በአንድ ጎን ትልቅ ስትሮክ ሲደርስ የተቃራኒው ሴሬቤለም የደም ፍሰትና የኦክስጅን አጠቃቀም ይቀንሳል። ዣን ክሎድ ባሮን በ1980ዎቹ መጀመሪያ በፔት ምስል ያሳየው ይህንን ነው። ሴሬቤለሙ አልተመታም፤ ግብአቱ ስለተቋረጠበት ሥራው ቀዘቀዘ እንጂ።

አሁን በተግባር ብዙ የሚያደናግረውን እንይ። የፖንስ የፊት ክፍል ላይ፣ በግራ በኩል፣ ትንሽ ላኩና ስትሮክ አለ እንበል። እዚያ ውስጥ የግራው የፒራሚድ መንገድ አለ፤ ታች ስለሚሻገር ቀኝ ጎንን ያደክማል። የግራው የፖንስ ኒውክለሶችም አሉ፤ ወደ ቀኝ ሴሬቤለም ስለሚልኩ ቀኝ እጅና እግር ይስታሉ። ድካሙም መሳቱም በአንድ ጎን ይወጣል፤ አታክሲክ ሄሚፓሬሲስ የሚባለው ነው። ሴሬቤለም ራሱ ተመትቶ ቢሆን ኖሮ ድካም አይኖርም ነበር። ነገር ግን በዚያው ቦታ ከቀኝ ኒውክለሶች ተነስተው ወደ ግራ ሴሬቤለም የሚሄዱ ክሮችም እያቋረጡ ያልፋሉ። ስለዚህ አንዳንዴ ግራ እጅም በጥቂቱ ይስታል። ይህን ስታዪ ሁለተኛ ስትሮክ ከመፈለግሽ በፊት ይህንን አስቢ።

ከዚሁ የሚመጣ ሌላ ወጥመድ አለ። የፖንስ ስትሮክ የነበረበት ሰው ከሳምንታት ወይም ከወራት በኋላ ኤም አር አይ ሲነሳ ሁለቱም መካከለኛ ፔዳንክሎች በቲ-2 ምስል ነጭ ሆነው ሊታዩ ይችላሉ። አዲስ ስትሮክ ወይም መልቲፕል ስክለሮሲስ ተብሎ ይጻፍበታል። ምክንያቱ ግን ክሮቹ ከተቆረጡበት ወደ ፊት መበስበሳቸው ነው፤ ዋለሪያን መበስበስ ይባላል። የተመታው ጎን ኒውክለሶች ክር ወደ ተቃራኒው ፔዳንክል ይሄድ ነበር፤ በዚያ የሚያልፈው የሌላው ጎን ክር ደግሞ ወደ ተመታው ጎን ፔዳንክል ይሄድ ነበር። አንድ ቁስል ሁለቱን ፔዳንክሎች አመሳስሎ የሚያነጣው በዚህ ምክንያት ነው። የቀድሞው ምስል ተፈልጎ ጎን ለጎን ከታየ ስሕተቱ አይፈጠርም።

በፖንስ የሚያቋርጡት እነዚሁ ክሮች በሌሎች በሽታዎችም ይጠቃሉ። ሴሬቤለምን የሚያጠቃው የመልቲፕል ሲስተም አትሮፊ (የነርቭ ሕዋሳትን ቀስ በቀስ የሚያጠፋ በሽታ) ዓይነት የፖንስ ኒውክለሶችንና አግድም ክሮቻቸውን ይበላል፣ የፒራሚድ መንገዱንና የላይኛውን ፔዳንክል ግን ይተዋል። በአግድም የተቆረጠው የፖንስ ምስል ላይ ነጭ መስቀል የሚታየው ለዚህ ነው። ዕድሜው ከ50 በላይ የሆነ ወንድ መንቀጥቀጥና መንገዳገድ ኖሮበት ሁለቱ መካከለኛ ፔዳንክሎቹ ነጭ ከሆኑ ደግሞ ስለ ልጅ ልጆቹ ጠይቂ። የአእምሮ ዕድገቱ የዘገየ የልጅ ልጅ፣ በተለይ የሴት ልጁ ልጅ ካለ፣ ሰውየው የፍራጃይል ኤክስ (በዘር የሚተላለፍ የአእምሮ ዕድገት ችግር) ቅድመ ለውጥ ተሸካሚ ሊሆን ይችላል፤ ይህም ማለት በጂኑ ላይ ያለው የሲ-ጂ-ጂ ድግግሞሽ ከ55 እስከ 200 ነው። ይህ ጥያቄ ከሰውየው አልፎ ሴት ልጆቹንና የሚወልዷቸውን ሕፃናት ይመለከታል፤ ስለዚህ ጊዜ ወስዶ መጠየቅ ተገቢ ነው።

ሶዲየሙ ለረጅም ጊዜ የወረደ ታካሚ ስታክሚም እነዚህን ክሮች አስቢያቸው። ሶዲየም በፍጥነት ከተመለሰ የፖንስ መሐል ላይ ማየሊን (የነርቭ ክሮች ሽፋን) ይቀልጣል። ለአደጋ የተጋለጡትን፣ ማለትም አልኮል የሚያዘወትሩትን፣ በምግብ እጥረት የተጎዱትን፣ የጉበት ሕመምተኞችንና ፖታሲየማቸው የወረደውን፣ በ24 ሰዓት ውስጥ ከ8 ሚሊሞል በሊትር በላይ ከፍ እንዳይልባቸው መጠበቅ ያስፈልጋል። ጉዳቱ የሚታየው በዚያው ዕለት ሳይሆን ከቀናት በኋላ ነው፤ ታካሚው ተሻለው ከተባለ በኋላ ንግግሩና መዋጡ ይበላሻል።

የታችኛው ፔዳንክል

እዚህ ውስጥ የሚያልፈው ብዙ ዓይነት ነው። መቁጠሩ ግን ቀላል ነው፤ ከአንዱ በቀር ዋና ዋናዎቹ አይሻገሩም።

የኋለኛው ስፓይኖሴሬቤላር መንገድ ስለ ጡንቻና ስለ መገጣጠሚያ ሁኔታ ከእግርና ከግንድ ይዞ ይመጣል። መነሻው የክላርክ ዓምድ ነው፤ ይህ ዓምድ የሚገኘው ከስምንተኛው የአንገት እስከ ሦስተኛው የወገብ ክፍል ድረስ ብቻ ነው። ከዚያ በታች የሚገቡ የእግር ክሮች መጀመሪያ በኋለኛው ዓምድ ወደ ላይ ወጥተው ክላርክን ያገኙታል። የእጅ መልእክት ክላርክን ስለማያገኝ ሜዱላ ላይ ባለው ተጨማሪ ኩኒየት ኒውክለስ በኩል ይገባል። ሁለቱም ዜሮ ጊዜ ተሻጋሪ ናቸው፦ ቀኝ እግርና ቀኝ እጅ ወደ ቀኝ ሴሬቤለም።

የሚሻገረው አንዱ ከታችኛው ኦሊቭ (ሜዱላ ላይ ካለ ኒውክለስ) የሚመጣው ነው፤ ከፔዳንክሉ ክሮች ትልቁን ድርሻ የሚይዘውም እሱ ነው። ከግራ ኦሊቭ የተነሳ ክር ሙሉ በሙሉ ተሻግሮ ወደ ቀኝ ሴሬቤለም ይሄዳል፣ እዚያም ክላይምቢንግ ክር ይሆናል። አንድ የፐርኪንዬ ሕዋስ (የሴሬቤለም ትልቁ ሕዋስ) በአዋቂ ሰው አንድ ክላይምቢንግ ክር ብቻ አለው። ያው ሕዋስ ከፓራለል ክሮች የሚቀበለው ግንኙነት ግን ከመቶ ሺህ በላይ ነው። የአንዷ ጉልበት ግን ከሁሉም ይልቃል፤ በተኮሰች ቁጥር ሕዋሱን ታስነሳዋለች። እንቅስቃሴው ሲሳሳት የማረሚያውን ምልክት የምታደርሰው እሷ ናት ተብሎ ይታሰባል።

ከታችኛው ፔዳንክል የውስጥ ጠርዝ ላይ ጁክስታረስቲፎርም የሚባል ቀጭን ክፍል አለ። በእሱ ከውስጥ ጆሮና ከቬስቲቡላር ኒውክለሶች የሚመጣው ይገባል፣ ወደ እነሱም የሚመለሰው ይወጣል። ሚዛንና የዐይን እርጋታ የተንጠለጠሉት በዚህ ላይ ነው።

ይህን ሁሉ በአንድ ጊዜ የሚያሳይሽ በሽታ የቫለንበርግ ሲንድሮም ነው፤ በ1895 የተገለጸው የሜዱላ የጎን ስትሮክ። የሚዘጋው ብዙ ጊዜ የቨርቴብራል ደም ቅዳ ወይም ቅርንጫፉ የሆነው ፒካ ነው። በተመታው ጎን እጅና እግር ይስታሉ፣ ፊት ይደነዝዛል፣ የዐይን ቆብ ይወርዳል፣ ብሌን ይጠባል፤ ድምፅ ይጎረንናል፣ መዋጥ ይከብዳል፤ በተቃራኒው የአካል ጎን የሕመምና የሙቀት ስሜት ይጠፋል። ጡንቻ ግን አይደክምም። አደገኛ የሚያደርገው ይህ ነው። ታካሚው ያዞረዋል፣ ያስታውከዋል፣ እጁን ግን በኃይል ይጨብጥልሻል። ጨጓራ ነው ወይም የጆሮ ነው ተብሎ መርፌ ተወግቶ ወደ ቤቱ የሚላከው ለዚህ ነው።

ከመሸኘትሽ በፊት አልጋው ጠርዝ ላይ ያለ ድጋፍ አስቀምጪው፣ ከዚያም አስነሺው። የውስጥ ጆሮው የታመመ ሰው ወደ አንድ ጎን እያጋደለም ቢሆን አብዛኛውን ጊዜ ይቆማል፤ ያለ ድጋፍ መቀመጥ ወይም መቆም የማይችል ሰው የአንጎል ጉዳት እንዳለበት ቁጠሪው። ማዞሩ ያላቋረጠና ዐይኑ እየተንቀጠቀጠ ያለ ከሆነ ሂንትስ የሚባለውን ምርመራ ጨምሪ፦ ራሱን በፍጥነት ወደ ጎን ስታዞሪው ዐይኑ ዒላማውን ካልለቀቀ፣ መንቀጥቀጡ በሚመለከትበት አቅጣጫ ከተቀያየረ፣ ወይም ሁለቱ ዐይኖች በከፍታ ከተለያዩ፣ ከሦስቱ አንዱ ብቻ ቢገኝ እንኳ ጉዳዩ የአንጎል ነው። ማዞሩ አሁን ለሌለበት ሰው ይህ ምርመራ አይሠራም፤ ብዙዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። ከማዞሩ ጋር አንድ ጆሮ በድንገት ከደነቆረም ተጠንቀቂ። ለውስጥ ጆሮ ደም የሚያደርሰው ቅዳ የሚወጣው አብዛኛውን ጊዜ መካከለኛውን ፔዳንክል ከሚመግበው ከአይካ ስለሆነ፣ ስትሮኩ የጆሮ በሽታ መስሎ ሊመጣ ይችላል።

ሲቲ ስካን ለዚህ ደካማ ነው፤ የጆሮ አጥንቱ ውፍረት የኋለኛውን ጎድጓዳ ምስል ያበላሸዋል። ዲፊውዥን ኤም አር አይ እንኳ በመጀመሪያዎቹ 24 እስከ 48 ሰዓታት ንጹሕ ሊመስል ይችላል። ምርመራሽ ስትሮክ እያለሽ ምስሉ ንጹሕ ነው ካለ ታካሚውን አቆዪው፣ ምስሉን ድገሚው፤ ውኃ ከመጠጣቱ በፊትም መዋጡን ፈትሺ። ስትሮኩ የሴሬቤለሙን ሰፊ ክፍል ከያዘ ደግሞ ከ2ኛው እስከ 4ኛው ቀን እብጠቱን ጠብቂ፤ አራተኛው ቬንትሪክል ሲታፈን ንቃት በሰዓታት ውስጥ ይወርዳል፣ የነርቭ ቀዶ ሐኪም ቀድሞ ማወቅ አለበት።

የላይኛው ፔዳንክል

ዋናው የመውጫ በር ይህ ነው፤ ቀጭን ስለሆነ ትንሽ ጉዳት ብዙ ያበላሻል። አንድ ገቢ አለው፦ የፊተኛው ስፓይኖሴሬቤላር መንገድ። ይህ ህብለ ሰረሰር ውስጥ ይሻገርና ሴሬቤለም ሲደርስ አብዛኛው ተመልሶ ይሻገራል። ሁለት ነው፤ እንዳልተሻገረ ቁጠሪው። የሚወጣውን ግን ከላይ ቆጥረነዋል።

መሻገሪያው ጨርሶ ባይፈጠርስ? ማሪ ዡቤር በ1969 የገለጸችው ሲንድሮም ይህን ያሳያል። በእነዚህ ሕፃናት የላይኞቹ ፔዳንክሎች ወፍረው፣ ረዝመውና አግድም ተኝተው ስለሚታዩ በአግድም ምስሉ ላይ የመንጋጋ ጥርስ ቅርጽ ይወጣል። ሰውነቱ የላላ፣ ዐይኑ በትክክል የማይከተል፣ ትንፋሹ አንዴ የሚፈጥን አንዴ የሚቆም ጨቅላ ስታዪ ምስሉን ፈልጊ፤ ከተገኘም ኩላሊቱን፣ ጉበቱንና ሬቲናውን ማስመርመር አትርሺ። በሽታው እዚያም ሊኖር ይችላልና።

ወላጆችን በጣም የሚያስደነግጠው ደግሞ ከሜዱሎብላስቶማ (የልጆች የሴሬቤለም ዕጢ) ቀዶ ሕክምና በኋላ የሚመጣው ዝምታ ነው። ልጁ ከቀዶ ሕክምናው ነቅቶ ይናገራል፤ ከ1 ወይም ከ2 ቀን በኋላ ንግግሩ ይጠፋል፣ ይነጫነጫል፣ ሰውነቱ ይላላል። አብዛኛውን ጊዜ የሚያያዘው የሁለቱ ጎን የላይኛው ፔዳንክልና የዴንቴት መውጫ ከመጎዳቱ ጋር ነው። ንግግሩ ከሳምንታት ወይም ከወራት በኋላ ይመለሳል፣ ብዙ ጊዜ ግን ሙሉ አይሆንም። ይህ ሊመጣ እንደሚችል ለወላጅ ከቀዶ ሕክምናው በፊት በግልጽ መናገር ግዴታ ነው ብዬ አምናለሁ። ሳይነገራቸው የቀሩ ወላጆች ልጃችን ሆን ብሎ ነው የተዘጋው ብለው ይጨነቃሉ።

በአዋቂዎች ላይ የላይኛው ፔዳንክል መቅጠን ፕሮግረሲቭ ሱፕራኒውክሊየር ፖልዚን (ዐይንንና ሚዛንን የሚያውክ፣ ፓርኪንሰን የሚመስል በሽታ) ከፓርኪንሰን ለመለየት ይረዳል። የራዲዮሎጂ ባለሙያዎች የፖንስን ስፋት ለመካከለኛው አንጎል ስፋት ያካፍላሉ፤ ውጤቱን የመካከለኛው ፔዳንክል ወርድ ለላይኛው ፔዳንክል ወርድ ተካፍሎ ከሚገኘው ጋር ያባዛሉ። በፖልዚው የመካከለኛው አንጎልና የላይኛው ፔዳንክል ስለሚያንሱ ቁጥሩ ይጨምራል። መልቲፕል ሲስተም አትሮፊ ሲሆን የሚቀጥነው መካከለኛው ስለሆነ ቁጥሩ ይወርዳል። ልኬቱ ሚሊሜትሮች ላይ ስለሚመሠረት ቁራጩ ትንሽ ካዘነበለ ውጤቱ ይዛባል፤ ሁለቱንም ጎን ለክቶ አማካዩን መውሰድ ይገባል።

የላይኛውንና የታችኛውን ፔዳንክል የሚያገናኘውን ሦስት ማዕዘን ሳልነካ ማለፍ አልፈልግም፤ ጊዮንና ሞላሬ በ1931 የገለጹት ነው። ከዴንቴት በላይኛው ፔዳንክል ተሻግሮ ወደ ተቃራኒው ቀይ ኒውክለስ አካባቢ፣ ከዚያ ሳይሻገር በማዕከላዊው ቴግመንታል መንገድ ወደ ኦሊቭ፣ ከኦሊቭ በታችኛው ፔዳንክል ተሻግሮ ወደ መጀመሪያው ዴንቴት። ቴግመንታል መንገዱ ከተቆረጠ የዚያው ጎን ኦሊቭ፣ የላይኛው ፔዳንክል ከተቆረጠ የተቃራኒው ጎን ኦሊቭ ይታመማል። አስገራሚው ነገር ግብአቱ የተቋረጠበት ኦሊቭ መጀመሪያ አለመሟሸሹ ነው፤ ለወራት ያብጣል፣ በቲ-2 ይነጣል። ታካሚው ላንቃው በሴኮንድ ከ1 እስከ 3 ጊዜ ሲርገበገብ ታዪዋለሽ። ሜዱላ ላይ ዕጢ ተገኘ ተብሎ ናሙና ለመውሰድ ከመታሰቡ በፊት ከወራት በፊት የደም መፍሰስ ወይም ቀዶ ሕክምና እንደነበረ መጠየቅ ያድናል። ከኦሊቭ ወደ ሴሬቤለም የሚሄደው ሦስተኛው ጎን ሲቆረጥ ግን ይህ እብጠት አይመጣም፤ የተቋረጠው የኦሊቭ ግብአት ሳይሆን መውጫው ነውና።

በእጅ ለመማር

መንገዶቹን በዐይንሽ ለማየት የክሊንግለር ዘዴን የሚያህል የለም፤ የባዝሉ ዮዜፍ ክሊንግለር በ1930ዎቹ ያቋቋመው ነው። አንጎሉ ፎርማሊን ውስጥ ቢያንስ ሁለት ወር ይቆያል። ከዚያ በውኃ በደንብ ይታጠባል፤ ፎርማሊን ከቀረበት በረዶው በደንብ አይሠራም። ሽፋኑና ደም ሥሮቹ ተነስተው ከዜሮ በታች ከ10 እስከ 15 ዲግሪ ለአንድ ሳምንት ወይም ለ10 ቀን ይቀዘቅዛል፤ ከዚያ በውኃ ይቀልጣል። በክሮቹ መካከል የሚፈጠረው የበረዶ ቅንጣት ክሮቹን ስለሚያራርቃቸው በቀጭን የእንጨት ማንኪያ ወደ ክሩ አቅጣጫ ብቻ እየገፉ መግፈፍ ይቻላል። ቢላ አትጠቀሚ፤ ቢላ ያልነበረ መንገድ ይፈጥራል። በመካከለኛው ጀምሪ፣ ከውጭ ስላለ። ሳትጨርሺው ወደ ታችኛው አትሂጂ፤ ሁለቱ ሴሬቤለም ውስጥ ሲገቡ ስለሚጠላለፉ በችኮላ የሚቀደደው ሁልጊዜ የታችኛው ነው።

ያ ካልተቻለ የትራክቶግራፊ (የነርቭ ክሮችን አቅጣጫ በኤም አር አይ የሚያሳይ ዘዴ) የቀለም ካርታ ክፈቺ። ቀይ ከጎን ወደ ጎን፣ አረንጓዴ ከፊት ወደ ኋላ፣ ሰማያዊ ከላይ ወደ ታች ነው። ፖንስ ውስጥ የሚያቋርጡት ክሮች ቀይ ናቸው፣ ወደ መካከለኛው ፔዳንክል ሲታጠፉ አረንጓዴ ይሆናሉ። የታችኛው ሰማያዊ ነው። መካከለኛው አንጎል ላይ በታችኛው ኮሊኩለስ ከፍታ፣ መሐል መስመሩ ላይ፣ አንዲት ቀይ ነጥብ ታገኛለሽ፤ የላይኛው ፔዳንክል መሻገሪያ እሷ ናት። በዡቤር ሕፃናት ይህች ነጥብ የለችም።

ወደ ታካሚሽ ስትመለሺ መጀመሪያ የግራ እጁን ጉልበት ለኪ። የደከመ እጅ ሁልጊዜ ይስታል፤ ጉልበቱ ከወረደ መሳቱን ለሴሬቤለም መንገድ ከመስጠትሽ በፊት መሳቱ ከድካሙ ይበልጥ እንደሆነ መዝኚ። ድካሙ ጎልቶ ከታየ ስትሮኩ ወደ ፊት ተዘርግቶ የፒራሚድ መንገዱንም ነክቷል ማለት ነው። ዐይኑን አስከድነሽ ጣቱ ወዴት እንደታጠፈ ጠይቂው፤ ካላወቀ የስሜት መንገዱም ተነክቷል። የቀኝ ብሌኑን ስፋት ጻፊ። ከዚያ ምስሉን ከፍተሽ ቁስሉ በየትኛው ኮሊኩለስ ከፍታ ላይ እንዳለ ተመልከቺ። በላይኛው ኮሊኩለስ ከፍታ፣ ቀዩ ኒውክለስ ላይ ከሆነ ቆጠራሽ ትክክል ነው። በታችኛው ከፍታ ሆኖ ወደ መሐል መስመሩ ከተጠጋ ግን ቀኝ እጁንም ደግመሽ ፈትሺ።